ያልተበላሸውን መጠገን

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በአሮጌ ሚኒቫን ወደ ኤርፖርት ሰው የማመላልስ፣ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ የቀረውን መሪው ላይ ተደግፌ በማንበብ የተማርኩ ሰው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ፓርክ ሂል ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የነርስ ረዳት ናት። በቤታችን የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው፤ የመጀመሪያውም ብዙ ጊዜ የእሷ ነው። ሦስተኛዋ ትልቋ ልጃችን ናት፤ እዚሁ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ገና መመረቋ ነው። አራተኛዋ ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ጎረቤታችን ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ባሏ እንደ እኔ ሾፌር፣ በዚያ ሰሞን የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች። የባለቤቴን ወንድም ልጨምረው ነበር፤ ግን ሊትልተን ከተማ ሆኖ በስልክ ብቻ ስለተሳተፈ ከቁጥር አላስገባውም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነው። ልጃችን ስልኳን እያየች ከመኝታ ቤቷ ወጣችና ሳትቀመጥ፣ «ጋይስ፣ ሥራውን አገኘሁ!» አለች።

እናቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። «እሰይ የኔ ልጅ! የት ነው?»

«ኑክሌር ፓወር ፕላንት።»

እልልታው ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ተመልሳ ቁጭ አለች። «የት አልሽኝ?»

«ሌላ ስቴት ነው ማሚ፣ በመኪና ሁለት ቀን። ሜይንተናንስ ፕላነር ነው የምሆነው።»

«በአማርኛ ንገሪኝ።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ዳዲ፣ ሜይንተናንስ በአማርኛ ምንድን ነው?»

የተማረ ሰው ሲጠየቅ አስቦ ይመልሳል። በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ግን ዕድሉ እንዳታመልጠው ይቸኩላል። «ጥገና ነዋ!» አልኩ።

«ጥገና?» አለች ባለቤቴ። «የተበላሸ ኑክሌር ልትጠግን ነው እንዴ ልጄ?»

«ኖ ማሚ! አልተበላሸም።»

«ካልተበላሸ ምኑ ይጠገናል?»

ልጄ አየችኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ።

እውነቱን ለመናገር ባለቤቴ በአማርኛዋ አልተሳሳተችም። ባደግንበት ሰፈር «የሬዲዮ ጥገና» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ሱቅ ነበር፤ የሚሠራ ሬዲዮ ተሸክሞ ወደዚያ የሄደ ሰው አላየሁም። ወጌሻም የሚጠግነው የተሰበረ አጥንት ነው። በእኛ አፍ ጥገና የሚባለው ነገር ከስብራት በኋላ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛው ሁለቱን ለያይቶ ይጠራቸዋል፤ የተሰበረውን መመለስ ሌላ፣ እንዳይሰበር መጠበቅ ሌላ። እኔ በአንድ ቃል ጠቅልዬ ሁለቱንም ምሳ ላይ አቀረብኳቸው፤ ባለቤቴም ልጇ ወደተሰበረ ኑክሌር መፍቻ ይዛ ስትሄድ ታያት።

ልጃችን ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። የአገሩ ሕግ ማንንም አስፈቅጂ አይላትም። እሷ ግን ያለ እናቷ ምርቃት ከዚህ ቤት ሻንጣ አላወጣም አለች። በዚህ ኮራሁባት። ልጅ ዲግሪ ሲይዝ ወላጁን እንደ አሮጌ ስልክ የሚጥልበትን ዘመን እያየን ነውና። ችግሩ ቀጣሪዎቹ መልስ የሚጠብቁት በወሩ መጨረሻ መሆኑ ነበር። እስከዚያ የእናቷን ምርቃት ካላገኘች ቦታው ለሌላ ሰው ይሄዳል።

በማግስቱ አዲስ ቃል ይዤ ወደ ኩሽና ገባሁ። «ጥገና ያልኩት ስህተት ነው። ሰርቪስ ነው። መኪናዬን ሰርቪስ አስደርግ የለ?»

«ሰርቪስ?» አለች ሽንኩርት እየከተፈች። «ሠራተኛ የሚያመላልሰውን አውቶቡስ ነው የምትለኝ? ለእሱ ነው አራት ዓመት የተማረችው? ሾፌርማ አንተ ትበቃናለህ።»

ልጄ ሳሎን ሆና ሳቋን ለቀቀችው።

«ስሚኝ እንጂ! ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ሥራዋ እሱ ነው።»

«ኑክሌር ነው በቅጠል የሚጠፋው?»

ተረትም ከዳኝ። ወጣሁ።

ተሸንፌ የምተኛ ሰው ግን አይደለሁም። ኤርፖርት አጠገብ እኛ ሾፌሮች ተራ የምንጠብቅበት ሜዳ አለ። ሌሎቹ እዚያ ካርታ ይጫወታሉ፣ ያንቀላፋሉ፣ በፖለቲካ ይጣላሉ። እኔ ከቤተ መጻሕፍት ስለ ኑክሌር ጣቢያ መጽሐፍ ተውሼ ማንበብ ጀመርኩ። ያልገባኝን ማታ ልጄን እጠይቃለሁ፤ የገባኝን ደግሞ ሳልጠየቅ ለሾፌሮቹ አስተምራለሁ። ካርታ ተጫዋቾቹ ሲያዩኝ ወንበራቸውን ማዞር ጀመሩ።

የገባኝ ይህ ነው። የኑክሌር ጣቢያ ብቃት የሚለካው በግዙፍነቱ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ መስጠት ከሚችለው ኃይል ስንቱን ሰጠ ተብሎ ነው። አንድ ሾፌር ዐሥራ አምስት ሰው የሚይዝ አዲስ መኪና አለኝ ብሎ ቢፎክር፣ መኪናው ግን ግማሹን ዓመት ጋራዥ ቢቆም፣ እኔ በዚህች አሮጌ ቫኔ እበልጠዋለሁ። በዚህ አገር ያሉት ጣቢያዎች ድሮ በየምክንያቱ ይቆሙ ነበር። እነዚያው አሮጌዎቹ ዛሬ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆሙ ይሠራሉ። ልባቸው፣ ሪአክተር የሚሉት፣ አልተቀየረም፤ የሚይዛቸው ሰው ልማድ ነው የተቀየረው። ድምፁ ሳይለወጥ ያዳምጡታል፤ ዕቃው ሳይበላሽ ዕድሜውን ቆጥረው ይለውጡታል። ነዳጅ ለመቀየር በየዓመት ተኩሉ ወይም በየሁለት ዓመቱ ፈልገው ያቆሙታል። በዚያች ጊዜ ውስጥ የተጠራቀመው ሥራ ሁሉ ይሠራል። ያች ጊዜ አጭር እንድትሆን ደግሞ አንድ ሰው ከዓመት በፊት ጀምሮ የትኛው ቧንቧ በየትኛው ቀን እንደሚከፈት፣ የትኛው ዕቃ መቼ እንደሚታዘዝ፣ በያጁ የት እንደሚቆም አስቦ መጨረስ አለበት።

ያ አንድ ሰው ልጄ ናት። ይህ ሲገባኝ በደስታ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ስስቅ ተራዬ ደርሶ አለፈኝ። ከኋላዬ የነበረው ሾፌር ጡሩምባ እየነፋ፣ «ጋሼ፣ ኑክሌሩ ይብረድልዎትና መንገዱን ይልቀቁ!» ብሎኝ ሄደ።

ስለ ጥገናው ይህን ተረዳሁ። ፖሊሲ ስለሚባለው ነገር ያስተማረኝ ግን የሕንፃችን ሊፍት ነው።

ቻምበርስ ሮድ ዳር ያለው አፓርታማችን ማኔጀር ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። በዚያ ሰሞን ሊፍቱ ቆሞ ነበር። እኔና ልጄ የጤፍ ከረጢት ግራና ቀኝ ይዘን ደረጃ ስንወጣ፣ «ዳዲ፣ ይሄን ሊፍት አስበው» አለችኝ።

«እያሰብኩት ነው» አልኩ እያለከለክሁ። «ሌላ የማስበው ነገር የለም።»

«የመጀመሪያዋ ማኔጀር በየወሩ ቴክኒሻን ታስመጣ ነበር። ሪሜምበር? ቆሞ አያውቅም። ሁለተኛው መጣና ካንስል አደረገው፤ ሲበላሽ እንጠራለን አለ። ሦስተኛው ሊፍቱን ስለምንቀይረው ምንም አትንኩት አለ። አሁን ያለችው ደግሞ መቀየሩ ቀርቷል አለች። ሊፍቱ ሴም ሊፍት ነው። ማነው የተበላሸው?»

«ሰዎቹ።»

«ፖሊሲው! ሰዎቹ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የተበላሸው መቀያየሩ ነው። ኑክሌር ጣቢያም እንደዚያ ነው። ዛሬ ይዘጋል፣ ነገ አይዘጋም፣ ከነገ ወዲያ እስቲ እናያለን ካልከው፣ ጎበዙ ሠራተኛ ሥራ ፈልጎ ይሄዳል። ሁለት ዓመት አስቀድሞ መታዘዝ ያለበትን ዕቃ ማንም አያዝም። ማሽኑ ምንም ሳይሆን ያረጃል።» ደረጃው መሃል ላይ ቆማ ከረጢቱን አስቀመጠች። «እኔ ፕላነር ነኝ ዳዲ። ቃሉ ከተቀያየረ ምኑን ፕላን አደርጋለሁ? ለምሳሌ ቤታችንን እየው።»

ወዴት እንደምትሄድ ገባኝ። ከረጢቱን ለማንሣት ብሞክር ብቻዬን አልቻልኩትም።

ቤታችን እንዲህ ነበር። በመጀመሪያው ዕለት «ሂጂ» ብያታለሁ። እሷም ቃሌን ይዛ እዚያ ከተማ አፓርታማ ለመከራየት አመለከተች፣ የማይመለስ ክፍያ ከፈለች። እናቷ ስታለቅስ አይቼ «ይቅርብሽ» አልኩ፤ ሰረዘች። መጽሐፉን አንብቤ «ሂጂ» አልኩ፤ ሌላ አፓርታማ አመለከተች፣ እንደገና ከፈለች። የባለቤቴ ወንድም ከሊትልተን ደውሎ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጨረር ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ሲለኝ «እስቲ ይቆይ» አልኩ፤ ሁለተኛውም አለፋት። ልጆቼን «ሰው ቃሉ ነው» እያልኩ ነው ያሳደግኩት። ባለቤቴ ቢያንስ አንድ ቃል ነበራት፤ አይሆንም። እኔን ግን፣ «አንተ እኮ የኮሎራዶ ሰማይ ነህ፤ ጠዋት በረዶ፣ ቀትር ላይ ቲሸርት» ትለኝ ነበር። ሊፍቱን ያበላሹትን ሦስት ማኔጀሮች ብቻዬን ሆኜ ተክቻቸዋለሁ።

የቀነ ገደቡ ሳምንት ገባ። ሐሙስ ባለቤቴ የማትሠራበት ቀን ነው። እኔም ለምሳ ገብቼ ነበር፤ ልጃችን ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፗን ከፍታ፣ «አዝናለሁ፣ ሥራውን መቀበል አልችልም» የሚለውን ኢሜይል ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። በሩ ተንኳኳና ጎረቤታችን ሆዷን አስቀድማ፣ የባለቤቴን ድስት ይዛ ገባች።

«እትዬ፣ ድስትዎን ልመልስ ብዬ ነው።»

«ቁጭ በይ የኔ ልጅ። አንቺ፣ ዛሬ ቀጠሮሽ አልነበረም?»

«ቀረሁ እትዬ። ሊፍቱ ቆሟል፣ ደረጃው ደከመኝ።»

«ለኔ ድስት ወርደሽ ለሐኪሙ አልወረድሽም?»

ልጅቷ ሳቀች። «ደሞ አልሐምዱሊላህ ምንም አላመመኝም። እሱም ሲራገጥ ነው የሚውለው። ደህና ሆኜ ሄጄ ምን እላቸዋለሁ?»

ባለቤቴ ድስቱን አስቀመጠች። ያን አቀማመጥ አውቀዋለሁ፤ ከእሱ በኋላ ስብከት ይመጣል። ቤታችን ውስጥ ሰባኪ እኔ ብቻ አይደለሁም።

«ክትትል የጀመርሽው አሞሽ ነው?»

«አይ፣ አላመመኝም።»

«ያመመው ሰው የሚሄደው ሕክምና ነው። ክትትል ግን ሳያምሽ ነው የምትሄጂው! ደህና ሆነሽ ሄደሽ፣ ደህና ነሽ ተብለሽ፣ ደህና ሆነሽ እንድትመለሺ። አሞሽማ ከሄድሽ ምኑን ክትትል ሆነ? የደም ግፊት ድምፅ አለው? ቀድሞ ካልተለካ በምን ታውቂዋለሽ? አንዱን ቀጠሮ እሄዳለሁ፣ አንዱን እተዋለሁ የሚባል ነገር የለም። ክትትል ከተቋረጠ ክትትል አይደለም!»

የልጄ ጣቶች ላፕቶፑ ላይ ቆሙ። ቀና አለች።

«ማሚ። ያን ቃል ድገሚልኝ።»

«የቱን?»

«ክ... ክትትል።»

«ክትትል። እናንተ ቼክአፕ የምትሉት። ምነው?»

«ማሚ፣ ዛት ኢዝ ማይ ጃብ።» ከወንበሯ ተነሣች። «እኔ የኑክሌሩ ክትትል ነው የምሠራው! ደህና እያለ ነው የምናየው። በቀጠሮ። ሳያመው!»

ጎረቤታችን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ኑክሌርም ክትትል አለው እንዴ?» አለች።

ባለቤቴ መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቁ ከሆዷ ወጣ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ ምን ሁን ብለህ ነው ጥገና ያልከኝ? ይሄን ሁሉ ቀን እንቅልፍ አሳጣኸኝ እኮ!»

«መዝገበ ቃላቱ ጥገና ነው የሚለው።»

«መዝገበ ቃላቱ አርግዞ ያውቃል?»



ሳቁ ሲበርድ ግን ምርመራው ጀመረ። ባለቤቴ በሳቅ የምትታለል ሴት አይደለችም። «ቆይ፣ ክትትሉን የሚያዘው ሰው ይቀያየራል? ዛሬ አንዱ ኑ፣ ነገ ሌላው አትምጡ ይላል?»

«እሱ ነው ዋናው ጥያቄ ማሚ» አለች ልጄ፤ እናቷን እንደ አዲስ ሰው እያየቻት። «እንደዚያ የሆነበት ቦታ ብሆን እኔም አልሄድም ነበር። የምሄድበት ለረጅም ጊዜ እንደሚሠራ ተወስኗል፤ ከአሁኑ ለሚቀጥሉት ዓመታት ፕላን አድርገዋል። ኢንተርቪው ያደረጉኝ ሰዎች ራሳቸው እዚያው ያረጁ ናቸው።»

«እዚያው ያረጁ?»

«ግራንድፓ የሆኑ።»

«ሰው የሚያረጅበት ሥራ ከሆነ ገዳይ አይደለም ማለት ነው» አለች ባለቤቴ። ጥቂት አሰበችና፣ «እኔስ ብሆን ሽማግሌዎቹን የማገላብጣቸው ሳይቆስሉ አይደል? ጀርባቸውን ደህና ሆኖ ሲያይ ማን ያመሰግነኛል? ከቆሰሉ ግን ሁሉም ስሜን ይጠራል» አለች። ከዚያ ድንገት፦ «አንተ! ምን ትቀመጣለህ? ቁልፍህን አንሣ!»

ባለቤቴ ክሊኒኩ ጋ ደውላ፣ ለምና ለዚያው ቀን ከሰዓት ቦታ አስገኘች። ጎረቤታችንን በግራና በቀኝ ደግፈን ደረጃውን አወረድናት፤ ቫኔ ውስጥ አራታችንም ገባን። መንገድ ላይ ባለቤቴ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር «ቀስ!» ትለኛለች፤ ልጄ ከኋላ ሆና ለጎረቤታችን ስለ ሪአክተር ታስረዳታለች፤ ጎረቤታችንም «ማሻአላህ፣ እሱም ዘጠኝ ወር ነው?» ትላታለች። ክሊኒኩ ገብታ ስትወጣ ፊቷ የተከፋ መሰለን።

«ምን አሉሽ?» አለች ባለቤቴ።

«ደህና ነሽ አሉኝ። ግፊቱም ልጁም። ምንም የለም።»

«አየሽ!»

«ምንም የለም ለመባል ነው ይሄ ሁሉ ደረጃ?»

«ለዚያ ነው» አልን ሦስታችንም በአንድ ጊዜ።

ስሰብክ ልጆቼ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያ ያነሣሉ፤ ቢሆንም ይህችን ልበል። የሰው ልጅ የሚያጨበጭበው እሳት ላጠፋ ነው፤ እሳት እንዳይነሣ ላደረገ አያጨበጭብም፤ ምክንያቱም የሚታይ ነገር የለም። ጥሩ ጥገና ወሬ የለውም። ጥሩ ቃልም እንደዚያው ነው፤ ትናንት የነበረው ዛሬም ስላለ ማንም አያስተውለውም። የተቀየረ ዕለት ብቻ ነው ሁሉም የሚያውቀው።

ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ልጃችንን ፊቷ አቆመቻት። ልጃችን አንገቷን ደፋች።

«የሚበላሽ አይግጠምሽ። እጅሽ የነካው ሁሉ ሳይቆም ይሥራ። ወሬ የማይሰማበት ሥራ ይስጥሽ።»

«አሜን። ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ እኛም የምንፈልገው ቦሪንግ እንዲሆን ነው።»

«ምርቃት አታቋርጪ። እዚያው ያረጁት ሰዎች የደረሱበት ዕድሜ ያድርስሽ።»

«አሜን።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ? የመጨረሻ ቃልህ?»

«ትሂድ።»

«ነገስ?»

«ነገም ትሂድ።»

«ወንድሜ ቢደውልስ?»

«ስልኩን አንቺ ታነሺዋለሽ።»

ልጃችን ከተቀጠረች እነሆ ክረምቱም አለፈ። በየእሑዱ ስትደውል እናቷ መጀመሪያ የምትጠይቃት፣ «እሱስ ደህና ነው?» ብላ ነው። እሱ የምትለው ሪአክተሩን ነው። «ደህና ነው ማሚ። ምንም የለም» ትላለች ልጄ፤ ባለቤቴም ስልኩን ይዛ ወደ ላይ ወጥታ ለጎረቤታችን ታበሥራለች። ጎረቤታችን ሴት ልጅ ወለደች፤ ሲራገጥ የነበረው እሱ ሳይሆን እሷ ኖራለች። የሕንፃችን ማኔጀር እንደገና ተቀይራለች፤ አዲሱ ቴክኒሻኑን በየወሩ ማስመጣት ጀምሯል። እስኪቀየር ድረስ በሊፍት እንወጣለን።

ባለቤቴ የልጃችንን ጉዞ ጠቅላላ ወጪ ደምረህ ጨርስ ብላኛለችና ይኸው። ዕቃዋን የጫንንበት መኪና ኪራይ፣ የሁለት ቀን ነዳጅ፣ የአንድ ሌሊት ሞቴል፣ ጎረቤታችን ለመንገድ የቋጠረችልን ሳምቡሳ (ዋጋው ዜሮ)፣ በእኔ ሂጂና ቅሪ ሁለት ጊዜ የጠፋው የአፓርታማ ማመልከቻ ክፍያ። ይህን የመጨረሻውን እኔ ከኪሴ ተካሁላት፤ ካለው ወጪ ሁሉ አላስፈላጊው እሱ ብቻ ነበርና። ሁሉም ሲደመር፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስምንት ዶላር።